ሁለት ጌታ ያለው ፈረስ

ተረት ተረት። እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን በአንድ የደጋ መንደር አንዲት ባዝራ ዳማ ውርንጭላ ወለደች። መንደሩ ድሃ ነበር። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ ሣሩም በጋው ሳይጋመስ ያልቃል። ሜዳው ግን ሰፊ ነው። የመንደሩ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ውለው ማታ ማታ ውርንጭላውን እያሯሯጡ አሳደጉት። ዳማ በሦስት ዓመቱ ሽምጥ ጋልቦ ገደል አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ መቆምን፣ ዘንግ ሲወረወርበት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ማሳለፍን ያለ አስተማሪ ተማረ።

አንድ የቆላ ነጋዴ ጨው ጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ይህን ፈረስ አየና በቅሎውን ገታ። የፈረሱ ባለቤት አንዲት ባልቴት ነበሩ።

«እማማ፣ ይህን ፈረስ በስንት ይሸጡልኛል?»

«ልጄ፣ ችግር ባይዘኝ አልሸጠውም ነበር» አሉ ባልቴቷ። «ሃያ አሞሌ ስጠኝና ውሰደው። የአገሩን ወግ ግን ታውቃለህ። የተሸጠ ፈረስ የትም ይደር የት፣ የተወለደበት መንደር ለጥር ጉግስ ሲጠራው ይመጣል።»

«አውቃለሁ እማማ፤ ወጉ የእኛም ወግ ነው» አለ ነጋዴው። አሞሌውን ቆጥሮ ሰጣቸውና ዳማን እየሳበ ቁልቁለቱን ወረደ።

በዚያ አገር ጉግስን የሚያዝ የጨዋታ አለቃ ነበር። የደነገገው ሕግ አጭር ነው። መንደር ሲጠራ ባለ ጋጣው ፈረሱን ይለቃል። ለለቀቀበት ቀን ኪራይ አይጠይቅም። ፈረሱ ሜዳ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የባለ ጋጣው ነው። ጥሪ ደርሶት ፈረሱን ያስቀረ ባለ ጋጣ ደግሞ በበዓሉ ሰሞንና ከበዓሉ በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ያንን ፈረስ ለራሱ ጉዳይ ሊያስሮጠው አይችልም። ሕጉ ሲወጣ ፈረሶቹ በሙሉ ከተወለዱበት መንደር ብዙም ሳይርቁ ያድሩ ስለነበር ሕጉ የከበደው ሰው አልነበረም።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። ለዳማ ጠዋት ገብስ፣ ማታ ባቄላ አቀረበለት። ባልደራስ ቀጠረለት፤ ሰኮናውን የሚያይና ጅማቱን በቅቤ የሚያሽ ወጌሻም መደበለት። ዳማ ወገቡ ደነደነ፣ ደረቱ ሰፋ። ቅዳሜ በገበያው ዳር ግልቢያ ሲጀመር ገበያተኛው በርበሬውንና ቅቤውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ወደ አጥሩ ይሮጥ ነበር። ነጋዴውም ቁና ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ ለመግባት የፈለገ ሁሉ እህል ይሰፍርለታል።

የቅዳሜው ቁና ሲሞላ ነጋዴው ረቡዕንም ጨመረ። ክረምት ሲገባና ገበያው ሲበተን ደግሞ ፈረሶቹ እንዲያርፉ አልፈቀደም። «ወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብ ስማቸውን ሰምቶ መልካቸውን አላየም» ብሎ በጭቃው እየነዳ በየአገሩ ያስሮጣቸው ጀመር።

የጨዋታ አለቃውም ከነጋዴው አላነሰም። ዱሮ ጉግሱ በጥር አንድ ሰሞን ብቻ ነበር፤ የሚጋጠሙትም ስምንት መንደሮች ነበሩ። አለቃው ሕዝቡ ለማየት ማር ሰፍሮ እንደሚገባ ባየ ጊዜ መንደሮቹን አሥራ ስድስት፣ ከዚያም ሃያ አራት አደረጋቸው። ከዋናው በዓል በፊት የመለያ ጉግስ አመጣ፤ በመለያው መካከል ደግሞ ኅዳር ላይ ሽልማት የሌለበት የወዳጅነት ጉግስ ጨመረ። ለእያንዳንዱ ዳማ ይጠራል። ባልደራሱ በሌሊት ጭኖት አቀበቱን ይወጣል፤ ማግስቱን ለገበያው ለመድረስ እንደገና ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ነጋዴው ከሁሉ የሚያማርረው በደጋው የጥር በዓል ነበር። ጥር ለቆላው አዝመራ የገባበት፣ ገበያው የሚሞቅበት፣ ቁናው ሞልቶ የሚፈስበት ወር ነው። አንድ ቀን ፈረሱን ሊወስዱ የመጡትን የደጋ ሽማግሌዎች ጋጣው በር ላይ አቁሞ፣

«አባቶቼ፣ እንደ ሌሎቹ አገሮች በሰኔና በሐምሌ ብታደርጉት ምናለበት?» አላቸው።

«ልጄ፣ በሐምሌ ሜዳችን ረግረግ ነው። ፈረስ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል» አሉት።

«እንግዲያው ለዚህች ለትንሿ በዓላችሁ ስትሉ ነው የእኔን ገበያ የምታፈርሱት» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ዳማ ይህን ሲሰማ ባቄላውን ማኘክ አቆመ። ነጋዴው «ትንሿ» ያላት በዓል እናቱ ባዝራይቱ አጥር ስር ቆማ የምታየው፣ ልጆቹ በስሙ የሚዘፍኑባት በዓል ናት። አንድም ቃል ሳይናገር ለሽማግሌዎቹ ልጓሙን ሰጣቸው።

በሚቀጥለው ኅዳር፣ ሽልማት በሌለበት በዚያ የወዳጅነት ጉግስ ላይ፣ ዳማ ከግልቢያ ሲታጠፍ የፊት እግሩ ቁርጭምጭሚት እንደ ደረቀ የማሽላ አገዳ ቀጭ አለ። ወጌሻው ዳብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ስምንት ወር» አለ።

ነጋዴው ጮኸ፤ ሌሎች ባለ ጋጣዎችንም ሰብስቦ ዋርካው ሥር ከአገሩ ዳኛ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ቀለቡ የእኔ፣ ወጌሻው የእኔ፣ ስብራቱ የእኔ! ማሩና ሆታው ግን የእነሱ! ይህ ፍርድ ነው?»

የመንደሩ ጭቃ ሹም ተነሣና፣ «እኛ ወልደን ባናሳድገው፣ ልጆቻችን ሜዳ ላይ ባያሯሩጡት፣ ይህ ሰው ፈረስ ከየት ያገኝ ነበር? በሃያ አሞሌ የገዛው ጉልበቱን ነው ወይስ ትውልዱን?» አለ።

የጨዋታ አለቃው ሁለቱን ሲሰማ ልቡ ራደ። ዳኛው ለነጋዴው ከፈረዱ የጉግሱ ሕግ ከነሥሩ ይነቀላል። ስለዚህ ዳኛው ሳይፈርዱ ነጋዴውን ወደ ዛፉ ጀርባ ሳበው።

«ወንድሜ፣ ክሱን አንሣ። ከእንግዲህ ፈረስህ በዓሉ ላይ ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት ከማሩ እሰፍርልሃለሁ። ቢሰበርም የአንድ ዓመት ቀለቡን እተካልሃለሁ።»

ነጋዴው ክሱን አነሣ። ተቃቀፉ፣ ሙክት ታረደ፣ ጠላው ተጠጣ። አገር ሁሉ «እፎይ፣ ታረቁ» አለ።

በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ታየ። አለቃው ለባለ ጋጣዎች የሚሰፍረው ማር እንዳይጎድልበት ብሎ የጉግሱን ቀናት አበዛ። ነጋዴው ባገኘው ማር ጋጣውን አሰፋ፤ ለሰፋውም ጋጣ ቀለብ እንዲበቃ ብሎ ግልቢያውን አበዛ። በእርቁ ሁለቱም ተጠቀሙ። ዳማ ግን ቀድሞ ሲጣሉ ከሚሮጠው ይልቅ ከታረቁ ወዲህ የሚሮጠው በለጠ።

አንድ ማታ ዳማ ባልደራሱን፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ከቀጠለ እኛ ፈረሶች አንድ ቀን ልጓም አንቀበልም እንላለን» አለው። ሳምንት ሳይሞላ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በነጋዴው በራሱ ሜዳ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ።

አሁን ደግሞ ከሳሹ ጭቃ ሹሙ ሆነ። «ለጥር የምንጠራውን ፈረስ ይህ ሰው በገበያ ሰበረብን!» ነጋዴው በበኩሉ «ጉግሱ አድክሞ ልኮልኝ ነው እንጂ በእኔ ሜዳ እንዴት ይወድቃል!» አለ።

ዳኛው ሁለቱንም ዝም አሰኙና፣ «ማስረጃ አለን የምትሉ ማስረጃችሁን አምጡ» አሉ።

ነጋዴው ረዥም በትር አመጣ። ዳማ ለጉግስ በሄደ ቁጥር ባልደራሱን በቢላዋ አንዳንድ ጭረት እንዲጭርበት አዝዞት ኖሯል። ጭቃ ሹሙም በትር አመጣ። እሱ ደግሞ ዳማ በገበያ በሮጠ ቁጥር ነበር የጫረው። ዳኛው ሁለቱን በትሮች ጎን ለጎን መሬት ላይ አጋደሙና ጭረቱን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ከዳር እስከ ዳር ክፍት ቦታ አልነበረም። ነጋዴው የራሱን የገበያ ቀን፣ ጭቃ ሹሙም የራሱን የጉግስ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልቆጠሩም።

«በማን ላይ ተቀምጠሽ እግዜርን ታሚያለሽ!» አሉ ዳኛው። «እያንዳንዳችሁ የቆጠራችሁት የሌላውን ነው። ደምሮ ያየ የለም።»

ይህን ጊዜ ባልቴቷ ከሕዝቡ መካከል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጌታዬ ዳኛ፣ የደመረስ አለ። እግሩ ደምሯል። ይህ ፈረስ አፍ አለው፤ ሁለት ጊዜ ስትሟገቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቃችሁትም።»

ዳኛው ወደ ዳማ ዞሩ። ዳማም ያበጠ ጉልበቱን አጥፎ እጅ ነሣና ተናገረ።

«ጌቶቼ፣ ደጋው ሩጫ አስተማረኝ፣ ቆላው ጉልበት ሰጠኝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አትበሉኝ። በጥር ልጆቹ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲጠሩኝ ደስ እያለኝ እሮጣለሁ። ቅዳሜ ገበያው ሲያጨበጭብልኝም ደስ እያለኝ እሮጣለሁ። እኔን የሰበረኝ ከጉግስ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጉግስ ሌሊቱን የተነዳሁበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ደግሞ በሁለታችሁም በትር ላይ አልተጫረም።»

ዳኛው ፈረዱ። «ከዛሬ ጀምሮ በትሩ አንድ ይሁን። የሚጭረውም ወጌሻው ነው፤ ፈረሱ እያየ። ከሩጫ እስከ ሩጫ ሦስት ሌሊት ይደር። በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ ልጓም ሳይነካው ሣር ላይ ይዋል። በትሩ ሞልቶ ሳለ ቀን ልጨምር የሚል፣ ነጋዴም ይሁን አለቃ፣ አስቀድሞ ከራሱ ቀን ይቀንስ።»

«ታዲያ ማሩ ይጎድላላ!» አለ አለቃው። «ቁናውም!» አለ ነጋዴው።

«ይጉደል» አሉ ዳኛው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ፍቹ ሩቅ አይደለም፤ ኳስ የሚከታተል ሰው ዳማን በስሙ ያውቀዋል።

አብደልመጂድ ኡልመርስ በቤልጅየሙ ሻርለሯ የሚጫወት ሞሮኳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ሞሮኮ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ባደረገችው የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ስምንት ወር ያህል ከሜዳ ራቀ። ክለቡ የዓለም እግር ኳስ አስተዳዳሪውን ፊፋን ከሰሰ። ጂ-14 የሚባለው የታላላቅ ክለቦች ስብስብ ከጎኑ ተሰለፈ፤ ጉዳዩም እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2008 ግን ፍርድ ሳይሰጥ ታረቁ። ክሱ ተነሣ፣ ጂ-14 ፈርሶ የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር ተተካ፣ ፊፋም ከዓለም ዋንጫ ገቢ ለክለቦች ማካፈል ጀመረ። ድርሻው ለ2010ሩ ዋንጫ 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2018ቱ 209 ሚሊዮን፣ ለ2026ቱ ደግሞ 355 ሚሊዮን ሆኗል። ከ2012 ጀምሮም በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ለሚጎዳ ተጫዋች እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ድረስ ደመወዙን ለክለቡ የሚተካ ዋስትና አለ።

ክለቦቹ የጠየቁት ካሣ ይገባቸው ነበር። ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ተጫዋቹ በሌላ ሜዳ ሲጎዳ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከም ማለት ግፍ ነው። ሆኖም እርቁ የከሳሹን ኪስ ካሠ እንጂ የተጫዋቹን እግር አላሳረፈም። የዓለም ዋንጫ ከ32 ወደ 48 ቡድን አደገ። በ2025 ክረምት 32 ክለቦች የተካፈሉበት የክለቦች ዓለም ዋንጫ መጣ። ክለቦቹስ? በሜይ 2024 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በተጠናቀቀ በሦስተኛው ቀን ኒውካስልና ቶተንሃም ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ድረስ በርረው የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። የአውሮፓ ዋንጫ ሊጀመር የቀሩት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። በየጉዳቱ ብሔራዊ ቡድኖችን የሚወቅስ የክለብ ዓለም ይህንን ጉዞ በራሱ በትር ላይ አልጫረውም።

የባርሴሎናው ፔድሪ ገና በ18 ዓመቱ በአንድ የውድድር ዘመን ለክለቡና ለስፔን ከ70 በላይ ጨዋታ አደረገ፤ በዚያው ክረምት የአውሮፓ ዋንጫንም ኦሊምፒክንም ተጫውቷል። ቀጣዩ ዓመት የጉዳት ዓመት ሆነበት። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበዋል ብሎ በይፋ ተናገረ፤ ሳምንት ሳይሞላ ክለቡ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የዚያን ዕለት የለበሰው የክለቡን መለያ ነው። የኡልመርስ እግር የተጎዳው ግን የአገሩን መለያ ለብሶ ነበር። እግር በየትኛው መለያ እንደደከመ አይለይም።

በተረቱ ባልቴቷ የጠየቁትን ጥያቄ ዛሬ የሚጠይቀው የዓለም ተጫዋቾች ማኅበር ፊፍፕሮ ነው። በኦክቶበር 2024 የማኅበሩ የአውሮፓ ክንፍ ከአውሮፓ ሊጎች ጋር ሆኖ ፊፋ የጨዋታ ቀናትን በሚወስንበት መንገድ ላይ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ። ፊፋ በጁላይ 2025 በጨዋታና በጨዋታ መካከል 72 ሰዓት፣ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ደግሞ 21 ቀን ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ከተጫዋቾች ተወካዮች ጋር መስማማቱን አስታወቀ። ፊፍፕሮ ግን ወደዚያ ጠረጴዛ አልተጋበዘም። ሐሳቡ ዳኛው ከፈረዱት ጋር አንድ ነው፤ በትሩ ግን አሁንም በአለቃው እጅ ነው።

የጥሩን በዓል ደግሞ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። የ2021ዱም የ2023ቱም የአፍሪካ ዋንጫ ከሰኔና ከሐምሌ የተነሣው ካሜሩንና አይቮሪ ኮስት በዚያ ወቅት በዝናብ ስለሚጥለቀለቁ ነው። በጃንዋሪ 2022 የሴኔጋል ፌዴሬሽን ዋትፎርድ ኢስማኢላ ሳርን አልለቅም ብሏል ሲል በይፋ ወቀሰ። ሳር ካሜሩን ገባ፣ በሩብ ፍጻሜው በኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ጎል አገባ፣ ሴኔጋልም የመጀመሪያዋን ዋንጫ አነሣች። ለሞሮኮው ውድድር፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2025 ለተጀመረው፣ ፊፋ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን የሚለቁበትን ቀን ከዲሴምበር 8 ወደ 15 ገፋው። የአፍሪካ አሰልጣኞች ቡድናቸውን ለማዋሐድ አንድ ሳምንት እንኳ አላገኙም። በዚያው ወር የአፍሪካ እግር ኳስ አስተዳዳሪው ካፍ ዋንጫው ከ2028 ወዲህ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆን አስታወቀ። ቀን ቀንስ ሲባል ከራሱ በዓል የቀነሰው ደጋው ነው፤ የቆላው ገበያ አንድ ቅዳሜ አልለቀቀም። ካፍን በ1957 ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የነበረችና በ1962 ዋንጫውን በአዲስ አበባ ያነሣች፣ በኋላም ወደ ውድድሩ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት የጠበቀች አገር ልጆች ይህን በዓል ትንሽ ነው የሚል ሰው ሲገጥማቸው ዝም ማለት የለባቸውም።

ተጫዋቹ ለክለቡም ለአገሩም ይሩጥ፤ ሁለቱም አሳድገውታል። የሚጎድለው አንድ የጋራ በትር ነው፤ የሊጉ ቀን፣ የአገሩ ቀን፣ የጉብኝት ጨዋታውና የሌሊት በረራው ሁሉ የሚጫርበት። በትሩ በሚያዝበት ጉባኤ ላይ ተጫዋቾቹ ድምፅ ይዘው ይቀመጡ፤ ቀን የሚጨምር አካል ከራሱ ቀን ይቀንስ። እኛም ተመልካቾች ድርሻ አለን። ክለብ ፌዴሬሽንን፣ ፌዴሬሽንም ክለብን ሲከስ በሰማን ቁጥር በደጋፊነት ከመሰለፋችን በፊት ለከሳሹ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፤ የራስህንስ ቀን ቆጥረሃል ወይ?